የጡብ ግንብ መጋጠሚያና መዳመጫው

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኘው መንደራችን አሥራ አንድ ጆንያ የዘር ገብስ ሻገተ። ገብሱ የተቀመጠው በጭቃ ጎተራ አልነበረም። ገንዘብ አዋጥተን፣ ጡቡን ከአዲስ አበባ በመኪና አስጭነን፣ ግንበኛ ቀጥረን ባሠራነው አዲስ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። በሩም በደንብ ይዘጋል። ታዲያ ውሃው በየት ገባ?

በመጀመሪያ የጠረጠርነው ጣሪያውን ነበር። ወጥተን ምስማሩን አንድ በአንድ ፈተሽን። ደህና ነው። በኋላ አንዲት አሮጊት እናታችን ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «እናንተ ወደ ላይ ታንጋጥጣላችሁ፤ ግንቡ እኮ እዚህ ጋ ያልበዋል!» አሉን። እውነታቸውን ነበር። የሻገቱት ጆንያዎች ሁሉ በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ናቸው። ወጨፎ የሚመታው ያን ግድግዳ ነው።

ወደ ውጭ ወጥተን ግድግዳውን አየነው። ጡቡ አልተሰነጠቀም። ነገር ግን በጡብና በጡብ መካከል ያለው ቡኮ፣ ማለትም የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቁ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተጭሯል። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ይሰጥማል። ግንበኛው ይህን ያደረገው ቡኮው ሳይደርቅ በምስማር እየጫረ ነው። ያን ጊዜ እኛም አጠገቡ ቆመን «እንዴት ያምራል!» ብለን ነበር። ጡቡ ጎላ ብሎ፣ ጥላ ጥሎ ሲታይ በእርግጥ ያምራል። ስለዚህ ጥፋቱን በግንበኛው ላይ ብቻ መጣል አይገባንም።

ከመንደራችን ልጆች አንዱ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ለግንበኞች ቡኮ እያቀበለ የቀን ሥራ ይሠራል። ነገሩን በስልክ ብንነግረው፣ «እኔ የምሠራላቸው አዛውንት ግንበኛ ይህን ነገር ያውቁታል፤ መጥታችሁ ብታዩ ይሻላል» አለን። በሚያዝያ ወር፣ ክረምቱ ሳይደርስብን፣ ሦስት ሆነን ሄድን።

ሜክሲኮ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ የሩቅ አገር ስም ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ ብዙ መንግሥታት ወረራውን አይተው ዝም ሲሉ ወይም ሲቀበሉ፣ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በዚህ ውለታ አደባባዩ በስሟ ተጠራ። እነሱም በዋና ከተማቸው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላቸው። ዛሬ በአዲስ አበባው ሜክሲኮ ከራስ በላይ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሐዲድ ይታያል። ከሐዲዱ ጣቢያዎች አንዱ ተግባረ ዕድ ይባላል። ብዙ ሰው የእጅ ሙያ የተማረበት የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት እዚያው አጠገብ ስላለ ነው። ልጃችን የሚሠራበት አጥር ከዚያ ብዙም አይርቅም።

አዛውንቱን ስንደርስ ምሳ ሰዓት ነበርና ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል። እጃቸው ከሲሚንቶ የተነሣ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ችግራችንን ነገርናቸው። በስልክ ያነሣነውንም ፎቶግራፍ አሳየናቸው።

«ስንት ካሬ ሜትር ነው ግድግዳው?» አሉን።

«ርዝመቱ አምስት ሜትር፣ ከፍታው ሦስት ሜትር ነው ጋሼ።»

«አሥራ አምስት ካሬ። እንግዲያው ከሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር በላይ ክፍት ቦይ ሠርታችኋላ!»

እኛ ያጋነኑ መሰለን። እሳቸው ግን ስንጥር አንሥተው አፈሩ ላይ አሰሉልን። እኛም እዚህ እንደግመዋለን፤ ደብተር ያለው አብሮ ያስላ። የተለመደው ድፍን ጡብ ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 12፣ ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር ነው። መጋጠሚያው ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ድርድር ጡብ ከነመጋጠሚያው 7 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። አንድ ሜትር፣ ማለትም 100 ሳንቲ ሜትር፣ ለ7 ሲካፈል 14 ድርድር ይወጣል። እያንዳንዱ ድርድር በአንድ ሜትር ውስጥ አንድ ሜትር አግድም መጋጠሚያ አለው፤ ይህ ብቻ 14 ሜትር ነው። ጡብ ከጡብ ጎን ለጎን የሚገናኝባቸው አጫጭር ቋሚ መጋጠሚያዎች ሲደመሩ 3 ሜትር ያህል ይሆናሉ። ድምሩ በአንድ ካሬ ሜትር 17 ሜትር ነው። 17 በ15 ሲባዛ 255 ሜትር ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ፊት ግድግዳ ላይ ብቻ ነው!

ማሳ ላይ ቦይ የምናወጣው ውሃውን ወደምንፈልግበት ለመምራት ነው። እኛ ግን በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ 255 ሜትር ቦይ አውጥተን ውሃውን ወደ ገብሱ መርተነዋል።

«ጡቡ አይደለም የሚያፈሰው፤ ጡቡ ቢጠጣም ይተፋዋል» አሉን አዛውንቱ። «ውሃ የሚገባው ቡኮውና ጡቡ በሚሳሳሙበት ላይ ነው። እዚያ ጋ ፀጉር የምታህል ክፍተት ትኖራለች። ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ውሃ በፀጉር ክፍተት ይገባል።»

ይህች ክፍተት ከየት መጣች? ቡኮ ሲደርቅ በትንሹም ቢሆን ይኮማተራል። ጡቡም ውሃ ሳይረጭ ደረቁን ከተገነባ የቡኮውን ውሃ ይመጠዋል፤ ቡኮው አይይዘውም። ግንበኛው የመጋጠሚያውን ፊት በብረት ሲዳምጠው ግን ቡኮው ወደ ውስጥና ወደ ጎን ተገፍቶ ከጡቡ ጠርዝ ጋር ይጣበቃል። ፊቱ ይጠቀጠቃል። ክፍተቷ ትዘጋለች። መጫር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የተጠጋጋውን ቡኮ ይፈታዋል። ከሥር ባለው ጡብ ጫፍ ላይም እንደ መደብ ያለ ጠርዝ ይተዋል፤ ውሃውም እዚያ ላይ ይቀመጣል።

መንደራችን ውስጥ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። እንስራው ተሠርቶ ገና እርጥብ ሳለ አይነኩትም፤ ከደረቀም በኋላ አይነኩትም። ጠንከር ሲል ለስላሳ ጠጠር ይዘው ፊቱን ይፈትጉታል፣ ይጫኑታል። የግንበኛውም መዳመጫ ብረት ሥራው ያው የጠጠሯ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ መሣሪያዎቹ እንሂድ። አዛውንቱ አንድ የሸራ ከረጢት ነበራቸው፤ ገልብጠው አንድ በአንድ አሳዩን።

የመጀመሪያው የግንበኛ ማንኪያ ነው። ማንኪያ ቡኮ ለማንጠፍና የተረፈውን ለመቁረጥ ነው። በማንኪያ ብቻ ተቆርጦ የተተወ መጋጠሚያ ከጡቡ ፊት ጋር እኩል ይሆናል እንጂ አልተዳመጠም። ልስን ለሚለሰን ግድግዳ ይህ ይበቃል። ለወጨፎ ግን አይበቃም። እጁ የለመደ ሰው የማንኪያውን ጠርዝ አጋድሞ መጋጠሚያውን እንደ ጣሪያ ተዳፋት ሊያደርገው ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ወደ ውስጥ መግባት ያለበት የላይኛው ጠርዝ ነው፤ የታችኛው ከሥሩ ካለው ጡብ ፊት ጋር እኩል ይሁን። ያን ጊዜ ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል። ብዙ ሰው ግን ቆሞ ከላይ ወደ ታች ስለሚሠራ እጁ ወደ ተቃራኒው ይመራዋል። የላይኛውን እኩል አድርጎ የታችኛውን ያስገባል። ይህ የሣር ክዳንን ገልብጦ እንደ መክደን ነው።

ሁለተኛው ክብ መዳመጫ ነው። አንድ ስንዝር ከግማሽ የምታህል ፊቷ የሞላላ ብረት ናት። መጋጠሚያውን ስትዳምጠው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ፣ ለስላሳ ቅርጽ ትተዋለች። ውሃ የሚያርፍበት ጠርዝ አይኖርም። የእንግሊዝ አገር ግንበኞች ይህን ቅርጽ «የባልዲ እጀታ» ይሉታል፤ ቀድሞ የአሮጌ ባልዲ እጀታ ቆርጠው ይዳምጡበት ስለነበር ነው ይባላል። ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። የባልዲ እጀታ እኛም ዘንድ አለ!

የክቧ መዳመጫ ምርጫ በውፍረቷ ነው። ከመጋጠሚያው በትንሹ መስፋት አለባት። መጋጠሚያው 1 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር የሆነች ብረት ትስማማዋለች። ከመጋጠሚያው የቀጠነች እንደሆነ መካከሉን ብቻ ትቦድሳለች፤ ጠርዙ፣ ዋናው ቦታ፣ ሳይነካ ይቀራል። እጅግ የወፈረች እንደሆነ ደግሞ ከጡብ ወደ ጡብ ትሻገራለች እንጂ ቡኮውን አትጫነውም። ጫማ ሲገዛ እግር እንደሚለካ ሁሉ መዳመጫ ሲገዛም መጋጠሚያው ይለካል። አዛውንቱ ያስተማሩን ዘዴ ቀላል ነው። ስንጥር ቆርጦ መጋጠሚያው ላይ ልክ ማድረግ፣ ያቺን ስንጥር በኪስ ይዞ ገበያ መሄድ። ሻጩ ምንም ቢል ስንጥሯ ትመሰክራለች።

ርዝመትም ለካ ዋጋ አለው። አጭሯ ለቋሚው መጋጠሚያ ትመቻለች። በአግድሙ መጋጠሚያ ላይ አጭሯ ብረት እያንዳንዱን ጎበጥ ዘለጥ እየተከተለች መስመሩን ታወላግደዋለች። 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነች ረጅም መዳመጫ ግን ጉብታውን አልፋ ቀጥ ያለ መስመር ታወጣለች። አዛውንቱ ሁለቱንም ይይዛሉ። «አንዱን ብቻ ግዙ ብባል?» ብለን ጠየቅናቸው። «አጭሯን» አሉ ሳያመነቱ። «መስመር ቢወላገድ ገብስ አይሻግትም።»

ሦስተኛው ከማዕዘን ብረት የሚሠራ ነው። ጠርዙ ሹል ስለሆነ መጋጠሚያውን መሐሉ ላይ እንደ ማረሻ ፈለግ ያደርገዋል። እሱም ቡኮውን ወደ ሁለቱ ጎኖች ስለሚገፋው ዝናብን ይከላከላል። ነገር ግን እጅ ካልጠና መስመሩ ከመሐል ወደ ዳር ይሸሻል፤ ስሕተቱም ከሩቅ ይታያል። ለጀማሪ አንመክረውም።

አራተኛው ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ነው። ስፋቱ ከመጋጠሚያው ያነሰ ሆኖ ወደ ውስጥ መግባት የሚችል ነው። የዚህ ዋና ሥራ ጥገና ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አምስተኛው መጫሪያ ነው። ሁለት ጣት የሚያህል እንጨት ላይ ምስማር ተመትቶ ጫፉ በልክ እንዲወጣ የተደረገ ነው። «ጋሼ፣ እሱንም ይይዙታል እንዴ?» አልናቸው፤ ጠላታችንን ያገኘን መስሎን። ሳቁ። መጫሪያ ራሱ ክፉ መሣሪያ አይደለም። ግድግዳው በኋላ ልስን የሚደረግ ከሆነ የተጫረው መጋጠሚያ ለልስኑ መያዣ ይሆነዋል። አሮጌ ቡኮ ለማውጣትም ያገለግላል። በቤት ውስጥ፣ ዝናብ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ለጌጥ ቢጫር ማንም አይጎዳም። ክፋቱ ወጨፎ ፊት ሲቆም ነው።

በስተመጨረሻ ለስላሳ ብሩሽ አለ። የሽቦ ብሩሽ አይደለም፤ የሽቦው ፊቱን ይቧጭረዋል። ከተዳመጠ በኋላ ፍርፋሪውን ለማራገፍ ነው፤ ቡኮው ጠና እስኪል ጠብቆ ቀስ ማድረግ ይበቃል።

እነዚህን በገንዘብ ሁሉ መግዛት ያስፈልጋል? አያስፈልግም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብንሄድ ቁርጥራጭ ብረት ሞልቷል። አዛውንቱም ከከረጢታቸው ውስጥ በገበያ የተገዙት ማንኪያውና ብሩሹ ብቻ እንደሆኑ ነገሩን። ሆኖም ብረት ሁሉ አይሆንም። ፌሮ፣ ያ ለአርማታ የሚውለው ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎድን ጎድን ስላለው ቡኮውን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ጎድኑ በሞረድ ተሞርዶ፣ እንደ ለስላሳ ድንጋይ እስኪሆን መለስለስ አለበት። የቀጭን ቧንቧ ቁራጭ ከመጀመሪያው ለስላሳ ነው። የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 21 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን ለ1 ሳንቲ ሜትር መጋጠሚያ ወፍራም ነው፤ መጋጠሚያው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ለሆነበት ሻካራ ግንብ ይስማማል። የብረቱ ጫፎች ወደ ላይ ትንሽ ቆልመም ይበሉ፤ አለዚያ በሄዱበት ሁሉ ቡኮውን ይወጉታል። መያዣውም ከብረቱ ፊት ራቅ ብሎ ቢታጠፍ የእጅ መገጣጠሚያ ጡብ እየፈተገው አይላጥም። ዝገት ካለ በአሸዋ ወረቀት ይለቅ፣ ማታ ታጥቦ ዘይት ነካ ይደረግ። የዛገ ብረት ቡኮውን ይጎትታል፤ መልኩንም ያበላሻል።

መሣሪያው ተመርጦ፣ በምን ሰዓት ይነሣ? አዛውንቱ ከምሳ በኋላ ጠዋት የተገነባውን ጎን አሳዩን። አውራ ጣታቸውን መጋጠሚያው ላይ ጫን አደረጉ። የጣታቸው አሻራ ቀረ፤ ጣታቸው ላይ ግን ምንም አልተጣበቀም። «አሁን ነው» አሉ። ቡኮው ጣት ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ቢዳመጥ የሲሚንቶው ውሃ ወጥቶ ጡቡን ያጨማልቀዋል። አሻራው ጨርሶ ካልቀረ አልፏል፤ ብረቱ ፊቱን ያጠቁረዋል እንጂ አይጠቀጥቀውም። ይህን በሰዓት መናገር አይቻልም። ፀሐይና ነፋስ ሲበረታ ቶሎ ይደርሳል፣ ደመና ሲሆን ይዘገያል። ጡቡ በጣም ደረቅ ከሆነም ይቸኩላል። መሬት ለእርሻ መድረሷን ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ በእጃችን አፈሩን አፍሰን እንደምናውቅ ያለ ነው። ስለዚህ ግንበኛ ቀኑን ሙሉ ገንብቶ ማታ ላይ ልዳምጥ ቢል ጠዋት የሠራው አልፎበታል። ጥቂት ይገነባል፣ ይመለሳል፣ ጣቱን ያሳርፋል።

ሲዳመጥ ቋሚዎቹ ይቀድማሉ፣ አግድሙ ይከተላል። አግድሙ በረጅሙ ሲያልፍ የቋሚዎቹን ጫፍ አብሮ ያስተካክላል። ልጃችን ይህን ሲሠራ አየነው። ባለፈው ዓመት ድግር እንኳ በወጉ የማይዝ የነበረ ልጅ ብረቷን እንደ እስክሪብቶ ይዞ አንድ መስመር ሳይቆም አወጣ። ደስ አለን፤ አላመሰገንነውም እንጂ።

አንድ ነገር ማንሣት አለብን። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚሠራው ብዙው ግድግዳ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ደግሞ ባብዛኛው ይለሰናል። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ ይህ ሁሉ የመዳመጫ ምርጫ አያስጨንቅም። ጡቡ ፊት ለፊት ለሚታይ ግንብ ግን መጋጠሚያው ልብሱ ነው፤ ሌላ የሚለብሰው የለም።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። «ታዲያ አፍርሰን እንሥራው?» ብለን ነበር አዛውንቱን የጠየቅናቸው። «ኧረ ተዉ! ጡቡ ምን አደረገ?» አሉን። የሚጠገነው መጋጠሚያው ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ቡኮ እንደነበረበት ይጠየቃል። አሮጌ የኖራ ግንብ በጠንካራ ሲሚንቶ አይጠገንም። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ያስተነፍሳል፤ በግንቡ ውስጥ ያለው እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ መጋጠሚያውን ከደፈነው እርጥበቱ በድንጋዩ ወይም በጡቡ በኩል ለመውጣት ሲል ፊቱን ይልጠዋል። ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ከ1624 ዓ.ም. ጀምሮ በነገሡት በዐፄ ፋሲለደስና በተከታዮቻቸው ዘመን የተሠሩት የጎንደር ግንቦች በኖራ ቡኮ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። የማይስማማቸው ሆኖ ስለተገኘ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በተደረገው እድሳት እንደ ቀድሞው ኖራ ተመለሰላቸው። ግንቦቹ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ትልቁ ቤተ መንግሥትም ቢሆን ጉዳዩ የመጋጠሚያ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

የእኛ መጋዘን የሲሚንቶ ቡኮ ስለሆነ በሲሚንቶ ቡኮ ተጠገነ። ሆኖም ሲሚንቶ ሲበዛ ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአምስት እጅ ንጹሕ አሸዋ አደረግን። በጣም ጠንካራ ቡኮ ሲኮማተር ከጡቡ ጠርዝ ይላቀቃል፤ ያቺ የፀጉር ክፍተት ተመልሳ ትመጣለች።

በግንቦት መጀመሪያ ሥራውን ጀመርን። የተጫረው መጋጠሚያ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ገብቶ ነበር። በቀጭን መሮና በመዶሻ ልል ልሉን እያወጣን ጥልቀቱን ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አደረስነው። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ቢሆን አዲሱ ቡኮ በደንብ ይያዛል። ጥልቀት ያነሰው እንደ ቅርፊት ይረግፋል። መሮው ከመጋጠሚያው የቀጠነ ይሁን፤ የሰፋው የጡቡን ጠርዝ ይሰብራል። በመጀመሪያው ቀን እኛ አራት ጡብ ሸርፈናል።

አቧራው በብሩሽ ተጠረገ፤ ግድግዳው ውሃ ተረጨ። ውሃው ፊቱ ላይ የሚፈስ ሳይሆን የተመጠጠ መሆን አለበት። ከዚያ ቡኮውን በማንኪያ ጀርባ ይዘን በዚያ በቀጭኑ ጠፍጣፋ ብረት ወደ ውስጥ ገፋነው። በአንድ ጊዜ አይሞላም። አንድ ንብርብር ይገባል፣ ጠንከር እስኪል ይጠበቃል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ፊቱን ይሞላል። ከዚያ አውራ ጣት፤ ከአውራ ጣት በኋላ ክቧ መዳመጫ። በፀሐይ እንዳይነድ እርጥብ ጆንያ አንጠልጥለን ሦስት ቀን አረጠብነው። እነዚያ ጆንያዎች ገብሱ የሻገተባቸው ነበሩ።

በዚህ ሥራ ላይ ባዶ እጅ አይመከርም። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል፤ መጀመሪያ አያሳክክም፣ ማታ ነው የሚያቃጥለው። ከመካከላችን አንዱ ጓንት ንቆ ጣቶቹ ቆስለው ሳምንት ሙሉ እንጀራ በማንኪያ በላ። መሮ ሲመታም ዓይን ይጠበቅ።

255 ሜትሩን ለስድስት ሰዎች አከፋፍለን በዘጠኝ ቀን ጨረስነው። መስመሩ እንደ አዛውንቱ ቀጥ ያለ አይደለም። በተለይ የመጀመሪያው ቀን የተሠራው ጎን፣ በሩ አጠገብ፣ ዛሬም ያሳፍረናል። ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ወጨፎው ከምሽት እስከ ንጋት ሲመታ አደረ። ጎሕ ሲቀድ መብራት ይዘን መጋዘኑን ከፈትን። አሮጊቷ እናታችን ቀድመውን ገብተው እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያም መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አሳዩን። አቧራ ብቻ ነበረበት።

መዳመጫችንን ያበጀነው ከአሮጌ ባልዲ እጀታ ነው። ባልዲው የእሳቸው ነበር። እስካሁን በገመድ ነው የሚያንጠለጥሉት፤ ባገኙን ቁጥርም ይጠይቁናል።